የመጋዘን እርጥበት መጣጭ መኪናን ስለ ማዘዝ

ገበሬ ዓመት ሙሉ የደከመበት እህል ከአውድማ ተነሥቶ ወደ መጋዘን ከገባ በኋላ የሚያጠፉት ሦስት ጠላቶች አሉ፤ እነርሱም አይጥ፣ ነቀዝና ሻጋታ ናቸው። አይጥ ጆንያውን ቀዶ ያስታውቃል፤ ነቀዝም ዱቄቱን አራግፎ ይታወቃል፤ ሻጋታ ግን በክምሩ መካከል ተሸሽጎ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ነው የሚገለጠው። በበቆሎና በለውዝ ላይ አፍላቶክሲን፣ በቡና ላይ ኦክራቶክሲን የሚባሉት መርዞች ከዚሁ ከሻጋታ ይመነጫሉ። የውጭ ገዢዎችም በዚህ ነገር ከዓመት ወደ ዓመት እየጠነከሩ ሄደዋል፤ የአውሮፓ ኅብረት በተቆላ ቡና ላይ የሚፈቅደውን የኦክራቶክሲን ልክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2023 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በአንድ ኪሎ ከ5 ማይክሮግራም ወደ 3 ማይክሮግራም ዝቅ አድርጎታል። እንግዲህ የመጋዘን ቁልፍ የያዘ ሹም ሁሉ የሚጠብቀው እህሉን ብቻ ሳይሆን፣ እህሉ የሚተነፍሰውን አየር ጭምር መሆኑን ማወቅ ይገባዋል።

የሻጋታ ስንቁ እርጥበት ነው። ስለዚህም አየርን የሚያደርቅ፣ በውጭ አገር ቋንቋ ዲሂዩሚዲፋየር፣ በአማርኛ ቢባል እርጥበት መጣጭ የሚባል መኪና ለመግዛት የሚያስብ ጽሕፈት ቤት ሊኖር ይችላል። የመኪናው አሠራር አስቸጋሪ አይደለም። የውስጡ ፋን አየሩን ስቦ እጅግ በቀዘቀዘ ቧንቧ ላይ ያሳልፈዋል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው እንፋሎት ቧንቧውን ሲነካ፣ በቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ ላበት እንደሚወጣ ሁሉ፣ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ አየሩም ከዚያ በኋላ በሞቀው ቧንቧ ላይ አልፎ ደርቆና ሞቆ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ችግሩ ከመኪናው ላይ አይደለም። ችግሩ መኪናውን ተነሣ፣ ተኛ ብሎ የሚያዘው ማን ነው በሚለው ላይ ነው፤ በዚህ የሳተ ሰው ገንዘቡንም እህሉንም ያጣል።

ይህ መኪና በመኖሪያ ቤትም የታወቀ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች፣ በፍሎሪዳና በሉዊዚያና፣ አየሩ ሞቃትና ረጠብ ስለሆነ፣ ቤቱን ሁሉ የሚያደርቅ አንድ እርጥበት መጣጭ ከቤት ማቀዝቀዣው ጋራ ያያይዙታል። ሁለቱንም የሚያዘው በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቴርሞስታት ነው። ቴርሞስታት በቀድሞው ዘመን ሙቀትን ብቻ የሚያውቅ መሣሪያ ነበር፤ አሁን ስማርት የሚሉት ዐይነት ግን ብዙውን ጊዜ ሙቀትንም እርጥበትንም ይለካል፤ በኢንተርኔት አማካይነትም ለባለቤቱ ስልክ ወሬ ያቀብላል። ሙቀትን ብቻ የሚለካው መሣሪያ ያስከተለውን ጉዳት የዚያ አገር ሰዎች በቤታቸው አይተውታል። ማቀዝቀዣ አየርን የሚያደርቀው በሚሠራበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ዝናብ ዘንቦ ቀኑ ቀዝቀዝ ሲል ቴርሞስታቱ ሙቀቱ ደኅና ነው ብሎ ማቀዝቀዣውን ያስተኛዋል፤ በዚያው ሰዓት ግን እርጥበቱ ከፍ ይልና ግድግዳው ይሻግታል። ስለዚህ እርጥበት መጣጩ ለብቻው የእርጥበት ልክ እንዲታዘዝለት ሆነ፤ የዚያ አገር የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም በመኖሪያ ቤት ውስጥ አንጻራዊው እርጥበት ከ60 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 በመቶ እንዲሆን ይመክራል።

የአየር ማቀዝቀዣ ራሱ ሲጀመር የታሰበው ሰውን ለማቀዝቀዝ እንዳልነበረ ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ዊሊስ ካሪየር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ዓ.ም. በብሩክሊን ለነበረ አንድ ማተሚያ ቤት መኪናውን የነደፈው፣ ወረቀቱ በእርጥበት እየተለጠጠና እየተኮማተረ ቀለሞቹ አንዱ ባንዱ ላይ በትክክል አልቀመጥ ስላሉ ነበር። ወረቀትም እህልም ከአየሩ ውሃ የሚጠጡ፣ ለአየሩም ውሃ የሚመልሱ ነገሮች ናቸው። በቆሎ ወይም ስንዴ አንጻራዊ እርጥበቱ 65 በመቶ በሆነ አየር ውስጥ ብዙ ቀን ቢቀመጥ፣ በራሱ ውስጥ 13 በመቶ ገደማ ውሃ ይዞ ይረጋል፤ አየሩ 75 በመቶ ቢሆን ደግሞ ወደ 15 በመቶ ይወጣል፤ በዚህን ጊዜ ለሻጋታ በሩ ተከፈተ ማለት ነው።

አሁን መኪናው በሙቀት ብቻ እንዲታዘዝ ተደረገ እንበል። አንድ ሹም ቴርሞስታቱን በ22 ዲግሪ ላይ አቁሞ፣ መጋዘኑ ከዚህ በላይ ሲሞቅ መኪናው ይነሣ፣ ሲቀዘቅዝ ይተኛ ብሎ ቢያዝ ምን ይሆናል? በሐምሌ ሌሊት ዝናቡ ሲወርድ የመጋዘኑ ሙቀት 15 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 85 በመቶ ይሆናል፤ መኪናው ግን ብርድ ነው ብሎ ይተኛል። በበጋ ቀትር ሙቀቱ 26 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 45 በመቶ ይሆናል፤ መኪናው ሞቀ ብሎ ይነሣል። የባሰው ነገር ከዚህ በኋላ ይመጣል። መኪናው ሲሠራ ሙቀት ያወጣል፤ ከእንፋሎት የሚለወጠው እያንዳንዱ ሊትር ውሃ ወደ 0.7 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ይለቃል፤ መኪናው ራሱ የሚበላው ኤሌክትሪክም ሙቀት ሆኖ በቤቱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በሠራ ቁጥር ቤቱን ያሞቀዋል፤ ቤቱ በሞቀ ቁጥር ቴርሞስታቱ ሥራ ይለዋል። እንዲህ ያለው መኪና በሚያስፈልግበት ሌሊት ያንቀላፋል፣ በማያስፈልግበት ቀን ያለ ዕረፍት ይደክማል፤ የመብራቱ ሒሳብ ሲመጣ ግን ብዙ የሠራ ይመስላል።

ሙቀትና እርጥበት የተሳሰሩበትን ምክንያት ያላወቀ ሰው መሣሪያውን በትክክል ሊያዝ አይችልም። አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር በ10 ዲግሪ ሊሸከም የሚችለው ውሃ ቢበዛ 9.4 ግራም ነው፤ በ15 ዲግሪ 12.8፣ በ20 ዲግሪ 17.3፣ በ25 ዲግሪ 23፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 30 ግራም ይሸከማል። አንጻራዊ እርጥበት የሚባለው አየሩ አሁን የያዘው ውሃ፣ በዚያው ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ከመቶው ስንቱ እጅ እንደሆነ የሚነግር ቁጥር ነው። እንግዲህ አንድ ጠብታ ውሃ ሳይጨመር፣ አየሩ ስለ ቀዘቀዘ ብቻ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ቀን በ25 ዲግሪ 60 በመቶ የነበረ አየር በኪዩቢክ ሜትር 13.8 ግራም ውሃ ይዟል፤ ሌሊት የቆርቆሮው ጣሪያ ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ 12.8 ግራም እንጂ ከዚያ በላይ መሸከም ስለማይችል፣ የተረፈው ጤዛ ሆኖ ከቆርቆሮው ሥር ተንጠልጥሎ በላይኛው ጆንያ ላይ ይንጠባጠባል። ጠዋት በሩን የከፈተው ዘበኛ ጣሪያው ያፈሳል ብሎ ቢከራከር አይፈረድበትም። ከደጋ ተጭኖ በሞቃት ወደብ የሚከርም ቡናም በታሸገ የብረት ሳጥን ውስጥ ይኸው ነገር ይደርስበታል።

ከዚህ የተነሣ፣ መጋዘን ይቀዝቅዝ የሚለው ትእዛዝ ለብቻው ከሆነ ጎጂ ነው፤ አየሩ ሳይደርቅ ቢቀዘቅዝ አንጻራዊው እርጥበት ይጨምራልና። ይሙቅ የሚለውም መድኃኒት አይሆንም። በ20 ዲግሪ 75 በመቶ የነበረው አየር ወደ 25 ዲግሪ ቢሞቅ ቁጥሩ ወደ 56 ይወርዳል፤ ነገር ግን ነቀዝ እጅግ የሚራባው ከ25 እስከ 33 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለሆነ፣ ከሻጋታ ሸሽቶ በነቀዝ እጅ መውደቅ ይሆናል።

መስኮት መክፈትስ? ይህ ብዙ ጊዜ የሚያሳስት ነገር ነው። በመጋዘኑ ውስጥ 20 ዲግሪና 65 በመቶ አለ እንበል፤ ይህ በኪዩቢክ ሜትር 11.2 ግራም ውሃ ነው። ማለዳ ውጭው 12 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 90 በመቶ ቢሆን፣ መለኪያውን ያየ ሰው ዘጠና ነውና መስኮቱን ዝጉ ይላል። ሆኖም ያ አየር የያዘው ውሃ 9.6 ግራም ብቻ ነው፤ ወደ ውስጥ ገብቶ 20 ዲግሪ ሲደርስ 55 በመቶ ይሆናል፤ ያደርቃል እንጂ አያረጥብም። ቀትር ላይ ደግሞ ውጭው 25 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 55 በመቶ ሲሆን፣ ሰውየው አሁን ደረቅ ነው ብሎ መስኮቱን ቢከፍት፣ የሚገባው አየር 12.7 ግራም ውሃ የተሸከመ ነው፤ በውስጥ ሲቀዘቅዝ 73 በመቶ ይሆናል። ዐይን ያየው ቁጥር ሁለቱንም ጊዜ ዋሸ። ማለዳ ሲከፍቱም ክምሩን ራሱን እጅግ እንዳያቀዘቅዙት መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የቀዘቀዘ ጆንያ በኋላ ሞቃት አየር ሲነካው ላበት ያወጣልና። እንግዲህ ስማርቱ መሣሪያ በእውነት የሚጠቅመው ከስልክ ጋራ ስለሚነጋገር አይደለም። የውስጡንና የውጩን ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ለክቶ የውሃውን መጠን እንዲያነጻጽር ከተደረገ ግን፣ የሰው ልብ በየሰዓቱ ሊያሰላው የማይችለውን ሒሳብ ስለሚያሰላ ዋጋ አለው። ሻጩም የሚጠየቀው በዚህ ነው፤ መሣሪያው ከውጭ የሚሰቀል ሁለተኛ መለኪያ ይቀበላልን? እርጥበት መጣጩንስ ከማቀዝቀዣው ለይቶ በራሱ የእርጥበት ልክ ያዝዛልን? ሁለተኛውን ጥያቄ አይሆንም የሚል መሣሪያ፣ መልኩ ቢያምርም፣ ለመጋዘን አይበጅም።

መኪናው ከመገዛቱ አስቀድሞ ግን ሌላ ሒሳብ አለ። ርዝመቱ 10፣ ወርዱ 8፣ ከፍታው 4 ሜትር የሆነ መጋዘን 320 ኪዩቢክ ሜትር አየር ይይዛል። በ20 ዲግሪ 80 በመቶ የሆነውን አየር ወደ 60 በመቶ ለማውረድ ከአየሩ የሚወጣው ውሃ 1.1 ሊትር ብቻ ነው፤ ትንሽ መኪና በጥቂት ሰዓት ይጨርሰዋል። ነገር ግን በበሩ ሥር፣ በግድግዳና በጣሪያ መጋጠሚያ ቀዳዳ ኖሮ አየሩ በሰዓት አንድ ጊዜ ቢለዋወጥ፣ መኪናው በቀን 26 ሊትር ውሃ መቅዳት አለበት፤ ይህም ሁሉ ድካም ከቆመበት ላለመናወጥ ነው። ጭቃና ሲሚንቶ፣ የጎማ ጨርቅና ጥሩ የበር ክዳን ከትልቅ መኪና ይሻላሉ። እንዲሁም 50 ቶን በቆሎ 14 በመቶ ውሃ ይዞ ቢገባና ወደ 13 በመቶ ይውረድ ቢባል፣ መውጣት ያለበት ውሃ ወደ 575 ሊትር ይደርሳል። ይህን ፀሐይ በአውድማ ላይ ያለ ዋጋ ትሠራዋለች። እርጥበት መጣጭ የደረቀውን እህል በድርቀቱ የሚያቆይ ጠባቂ እንጂ፣ እርጥቡን የሚያደርቅ አውድማ አይደለም።

ቤቱ ከታሸገና እህሉ ከደረቀ በኋላ ትእዛዙ ቀላል ነው። ለእህልና ለቡና መኪናው በ65 በመቶ እንዲነሣ፣ በ60 በመቶ እንዲተኛ ይታዘዛል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ርቀት መተው ግዴታ ነው፤ በ60 ተነሥ፣ በ60 ተኛ የተባለ መኪና በየደቂቃው እየተነሣ እየተኛ ኮምፕሬሰሩን ያቃጥላል። ስለ ቡና የሚቀር ነገር ቢኖር፣ ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. ባወጣው ውሳኔ ለውጭ ገበያ የሚሄድ ጥሬ ቡና ውሃው ከ8 በመቶ እንዳያንስ፣ ከ12.5 በመቶም እንዳይበልጥ ማሳሰቡ ነው፤ ከልክ በላይ ማድረቅም ጥፋት ነው፤ ቡናው ክብደቱንም መዓዛውንም ያጣል።

መለኪያው የሚሰቀልበት ቦታ የትእዛዙን ያህል ከባድ ነገር ነው። በበር አጠገብ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ላይ፣ ወይም ከመኪናው አፍ ፊት ለፊት የተሰቀለ መለኪያ የመጋዘኑን ሁኔታ አይናገርም፤ በተለይም ከመኪናው አፍ ፊት ያለው ደረቁን አየር ብቻ እየቀመሰ ሥራ አለቀ ይላል። አንዱ በክምሮቹ መካከል፣ በሰው ደረት ከፍታ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከወለሉ አጠገብ በቀዝቃዛው ግድግዳ በኩል ቢሆን መልካም ነው። ጆንያዎቹም በእንጨት ርብራብ ላይ ሆነው ከግድግዳው ራቅ ካላሉ፣ አየሩ ስለማይዞርባቸው መለኪያው የሚያየው ሌላ፣ እህሉ የሚኖርበት ሌላ ይሆናል።

መለኪያ ሁሉ እያደር ይስታል። ለመፈተን ግን ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጥራት አያሻም። ጥቂት የገበታ ጨው በትንሽ ሰሐን ላይ አድርጎ፣ እንደ ጭቃ እስኪሆን ብቻ ውሃ ጠብ ማድረግ፤ ሳይሟሟ የቀረ ጨው መታየት አለበት። ሰሐኑንና መለኪያውን አንድ ላይ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ ውስጥ ዘግቶ፣ ሙቀቱ በማይለዋወጥበት ክፍል አንድ ቀን ማሳደር ነው። በዕቃው ውስጥ ያለው አየር 75 በመቶ ላይ ይረጋል፤ ይህም ቁጥር ሙቀቱ ከ10 እስከ 30 ዲግሪ ቢለያይ እንኳ አይናወጥም ማለት ይቻላል። መለኪያው 70 ካለ አምስት ያጎድላል፤ ትእዛዙም በዚያው ልክ ይታረማል። ይህ ፈተና በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከክረምቱ በፊትና ከክረምቱ በኋላ ቢደረግ ይበቃል።

ደጋና ቆላም አንድ መኪና አይስማማቸውም። በቀዘቀዘ ቧንቧ የሚሠራው ዐይነት በሞቃትና በረጠበው አገር፣ እንደ ጋምቤላ ባለው ቆላ፣ በርትቶ ይሠራል። ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በታች በሚወርድበት ደጋ ግን ውሃው በቧንቧው ላይ በረዶ ሆኖ ይጋገርና አየር አላሳልፍ ይላል፤ በረዶውን በየጊዜው የሚያቀልጥ ካልሆነ በቀር ሥራው ይቆማል። ለደጋ የሚሻለው ሲሊካ ጄል በተቀባ ዝውር መንኮራኩር እርጥበትን የሚመጠው ነው። ይህኛው ኤሌክትሪክ አብዝቶ ይበላል፤ ብርድን ግን አይፈራም።

ለዘር የሚደረገው ጥንቃቄ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። እህል ቢበላሽ በመስከረምም በጥርም ይታያል፤ ዘር ግን ነፍሱ መውጣቷ የሚታወቀው ማሳው ታርሶ፣ ዝናቡ ዘንቦ፣ ገበሬው ዘርቶ ቆሞ ሲጠብቅ ነው። ጄምስ ሃሪንግተን የተባለው የዘር ሊቅ ያቆመው ሕግ በዓለም ሁሉ ይጠቀስበታል፤ በዘሩ ውስጥ ያለው ውሃ በአንድ በመቶ በቀነሰ ቁጥር፣ ወይም ሙቀቱ በ5 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር፣ የዘሩ ዕድሜ እጥፍ ይሆናል፤ ይህም ውሃው ከ5 እስከ 14 በመቶ ባለበት ወሰን ውስጥ ነው። ለረጅም ዘመን ለሚቀመጥ ዘር የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ ዘሩ ከ5 እስከ 20 ዲግሪ ሙቀት፣ ከ10 እስከ 25 በመቶ እርጥበት ባለው ክፍል እንዲደርቅ ያዛል፤ በአዲስ አበባ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. በጀርመን መንግሥት እርዳታ የተቋቋመው የዘር ማከማቻ፣ አሁን የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት አካል የሆነው፣ የገበሬውን ዘር የሚጠብቀው በዚሁ በድርቀትና በብርድ ነው። የወረዳ መጋዘን እዚያ መድረስ አይጠበቅበትም፤ ለመጪው ዓመት የሚዘራውን ዘር ለማቆየት ግን ከ60 ይልቅ 50 በመቶ ላይ ማቆም የተሻለ ነው። ዘሩ ጥቂት ኩንታል ብቻ ከሆነ መኪና መግዛት ከንቱ ወጪ ነው፤ በደንብ የደረቀ ዘር አየር በማያስገባ ሦስት ንብርብር ከረጢት ታስሮ ያለ መብራት ይከርማል።

የቀረው የመብራትና የኢንተርኔት ነገር ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ፣ አንዳንዱ መኪና ቁልፉን ሰው ካልነካው በቀር ተኝቶ ይቀራል፤ ቅዳሜ ማታ የጠፋ መብራት እስከ ሰኞ ጠዋት መጋዘኑን ያለ ጠባቂ ያስቀራል። ስለዚህ በራሱ የሚነሣ፣ ሲነሣም ኮምፕሬሰሩ እንዳይጎዳ ጥቂት ደቂቃ የሚታገሥ ዐይነት መምረጥ ያስፈልጋል። ትእዛዙም በመሣሪያው ውስጥ የተጻፈ መሆን አለበት፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራውን የሚረሳ ቴርሞስታት ለከተማ ቤት እንጂ ለገጠር መጋዘን አልተሠራም። የሚንጠባጠበው ውሃ በባልዲ ቢጠራቀም ባልዲው ሲሞላ መኪናው ስለሚቆም፣ ወደ ውጭ በሚያዘቀዝቅ ቱቦ ይውጣ። የእህል ብናኝ ማጣሪያውን ቶሎ ስለሚደፍነው በየሳምንቱ ይራገፍ። ፋኑም መኪናው ሲተኛ አብሮ ይተኛ፤ ለብቻው ቢዞር በቧንቧው ላይ የቀረውን ውሃ መልሶ ወደ አየሩ ይበትነዋልና።

ስማርቱ መሣሪያ መኪናው በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደ ሠራ የሚመዘግብ ከሆነ፣ ይህን መዝገብ የመጋዘኑ ኃላፊ በየሳምንቱ ከግምጃ ቤቱ ደብተር ላይ ቢገለብጠው መልካም ነው። በቀን አራት ሰዓት ይሠራ የነበረ መኪና፣ የአየሩ ጠባይ ሳይለወጥ፣ ወደ አሥር ሰዓት ቢወጣ ወይ አዲስ የገባው እህል እርጥብ ነው፤ ወይ በሩ ተከፍቶ ያድራል፤ ወይ ቆርቆሮው ተቀዷል። መኪናውን የሚወቅስ ደብዳቤ ወደ ዞን ከመጻፉ በፊት ኃላፊው መሰላል አስደግፎ ጣሪያውን ይመልከት።